ሮሜዎንና ዡልየትን ማን ገደላቸው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መንገድ ላይ አገኘኝና የእግዜር ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያን ጥያቄ አሁንም ተማሪዎችዎን ይጠይቃሉ?» አለኝ። የትኛውን ጥያቄ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የዚህን ጥያቄ ታሪክ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ነገሩ የመማሪያ ክፍል ጉዳይ ይምሰል እንጂ፣ ልጅ የሚያሳድገውንም፣ ከዘመዱ ጋራ የተኳረፈውንም ሰው ሁሉ የሚነካ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው አጭር ነው፤ «ሮሜዎንና ዡልየትን ማን ገደላቸው?» የሚል ነው።

የእንግሊዙ ደራሲ ዊልያም ሼክስፒር ይህን አሳዛኝ ቴያትር የጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1595 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1597 ነው። ለእኛም ለአማርኛ አንባብያን እንግዳ አይደለም። ደራሲው ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን፣ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ ቋንቋችን መልሰውልናል። ስለዚህ የጥንቱ እንግሊዝኛ የከበደው ተማሪ በአማርኛው እየተደገፈ ሊያነብ ይችላል።

ታሪኩን ለዘነጉት በአጭሩ ላስታውስ። በኢጣልያ አገር፣ በቬሮና ከተማ፣ ሞንታግና ካፑሌት የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ቤተሰቦች ነበሩ። ሁለቱም ባለጸጎች፣ ሁለቱም የተከበሩ ናቸው፤ ዳሩ ግን በመካከላቸው የቆየ ቂም አለ። ቂሙ ከጌቶቹ አልፎ እስከ አሽከሮቹ ወርዷል። የአንዱ ቤት አሽከር የሌላውን አሽከር ባየ ጊዜ አውራ ጣቱን በጥርሱ ነክሶ ይሰድበዋል፤ ከዚያም ሰይፍ ይመዘዛል። የሞንታግ ልጅ ሮሜዎ በካፑሌት ቤት ግብዣ በተደረገበት ሌሊት ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ ይገባና የባለቤቱን ልጅ ዡልየትን ያያል። ይዋደዳሉ፤ በማግስቱም በአንድ መነኩሴ ፊት በምስጢር ይጋባሉ። በዚያው ቀን የዡልየት ዘመድ ቲባልት የሮሜዎን ጓደኛ መርኩሽዮን ይገድላል፤ ሮሜዎም በንዴት ቲባልትን ይገድልና ከከተማው ይባረራል። የምስጢሩን ጋብቻ ያላወቀው አባቷ ለሌላ ሰው ሊድራት ባስገደዳት ጊዜ፣ መነኩሴው ለ42 ሰዓት የሞተች የሚያስመስል መድኃኒት ይሰጣታል። ይህን ለሮሜዎ የሚያስረዳው ደብዳቤ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ሮሜዎ የሞተች መስሎት ከአጠገቧ ራሱን ያጠፋል፤ እርስዋም ነቅታ ይህን ባየች ጊዜ ትከተለዋለች።

ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ይህን ቴያትር ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ያስተማርሁት እንደ ፍቅር ታሪክ ብቻ ነበር። እርስዋ ከላይ፣ እርሱ ከታች ከአትክልቱ ቦታ ሆነው በሌሊት የሚነጋገሩትን ክፍል በቃል አስጠናሁ። ሴቶቹ ተከዙ፤ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተጎሻሸሙ፤ እኔም ትምህርቱ ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። በፈተናው ላይ «ከዚህ ቴያትር ስለ ፍቅር ምን ተማራችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ወረቀቱን ሳርም ግን ደነገጥሁ። ብዙዎቹ፣ ቃሉ ይለያይ እንጂ፣ እውነተኛ ፍቅር የሚታወቀው አብሮ በመሞት ነው ብለው ጽፈዋል። ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ የሆነች ልጅ ደግሞ «ያልሞተ አልወደደም» ብላ በአንድ መስመር ጨርሳዋለች።

ቀዩን እርሳሴን አስቀምጬ ብዙ አሰብሁ። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ የመለሰችልኝ ያስተማርኋትን ነው። የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ስሜቱ እንደ እሳት በሚነድበት ዕድሜ፣ ሞት የፍቅር አክሊል ነው ተብሎ ከተነገረው፣ ያ ትምህርት አይባልም፤ መርዝ ነው። በማግስቱ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቼ ረጋ ብዬ አነጋገርኋት። ታሪኩ አሳዝኗት የጻፈችው ነበር እንጂ የከፋ ነገር አልነበረባትም። እኔ ግን ዳግመኛ እንደዚያ አላስተምርም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ መንገድ ያዝሁ። አንብበን ስንጨርስ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ስም ጻፍሁ፤ ሮሜዎ፣ ዡልየት፣ ቲባልት፣ ሽማግሌው ካፑሌት፣ ሽማግሌው ሞንታግ፣ የዡልየት ሞግዚት፣ መነኩሴው፣ የከተማው መስፍን። ቀጥዬም «ማን ገደላቸው? ከእነዚህስ መካከል ሊያድናቸው ይችል የነበረው ማን ነው? በየትኛው ቀን፣ ምን ቢያደርግ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

መልሱ በየዓመቱ ይለያያል። አንድ ጊዜ አንድ ቀልደኛ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ስልክ ቢኖራቸው ኖሮ አይሞቱም ነበር!» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። «መልካም፤ እንግዲያው ስልኩን እንስጣቸው» አልሁት። «መልእክቱ ደረሰው፤ ሮሜዎ በጊዜ መጥቶ ከመቃብሩ አወጣት እንበል። ከዚያ ወዴት ይሄዳሉ? በማን ቤት ያድራሉ? ማንስ ይቀበላቸዋል?» ልጁ ዝም አለ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ግን፣ «ስልክ ከተሰጠማ ለቲባልትም ይሰጠዋል» አለች። ከዚህ በላይ የሚነገር አልነበረም። የቬሮና አሽከሮች አውራ ጣታቸውን ነክሰው ይሳደቡ ነበር፤ የዛሬ ልጆች በአውራ ጣታቸው ይጽፉታል፤ ስድቡም በደቂቃ ውስጥ ለሺህ ሰው ይደርሳል። ያለ ዕርቅ የተሰጠ ስልክ ፍቅርን እንደሚያደርስ ሁሉ ጥላቻንም ያደርሳል።

ቀጥሎ ቀኑን አስቆጥራቸዋለሁ። እሑድ ጧት በገበያው መካከል ጠብ ይነሣል። እሑድ ማታ ግብዣው ነው። ሰኞ ጋብቻው፣ በዚያው ሰኞ ሁለት ሬሳ። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ባልና ሚስቱ ይለያያሉ። ሐሙስ ሁሉም አልቆ ሽማግሌዎቹ በመቃብሩ አጠገብ ቆመዋል። ዡልየት ገና 14 ዓመት አልሞላትም።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው አርተር ብሩክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1562 ካሳተመው ረዥም ግጥም ነው። በብሩክ ግጥም ውስጥ ነገሩ ወራት ይፈጃል፤ ልጅቷም 16 ዓመት ሊሞላት የቀረበች ናት። ሼክስፒር ወራቱን ወደ ጥቂት ቀን አሳጠረው፤ የልጅቷንም ዕድሜ ቀነሰው። ሌላም ለውጥ አደረገ። ብሩክ በመቅድሙ ላይ ጥፋቱን የሚጭነው በልጆቹ ላይ ነው፤ የወላጅንና የወዳጅን ምክር ስለናቁ ጠፉ ይላል። ሼክስፒር ግን መጋረጃው ሲገለጥ ከልጆቹ ፍቅር አስቀድሞ የሚያነሣው የሁለቱን ቤቶች ጠብ ነው። እንግዲህ ቴያትሩን የፍቅር ታሪክ ነው ብሎ ብቻ የሚያስተምር መምህር፣ ደራሲው ራሱ በመጀመሪያ ያስቀመጠውን ነገር ዘሎ የሚጀምር ነው ማለት ነው።

ችኮላውም የልጆቹ ብቻ አይደለም። አባቷ በመጀመሪያ ልጄ ገና ናት፣ ሁለት ዓመት ይታገሡ ብሎ ነበር። ቲባልት ከሞተ በኋላ ግን ሠርጉ ሐሙስ ይሁን ብሎ ይቆርጣል። ዡልየት የመነኩሴውን ምክር ይዛ እሺ ያለች ስትመስለው ደግሞ፣ ከደስታው የተነሣ ሠርጉን ወደ ረቡዕ ያመጣዋል። ደብዳቤ የያዘው መልእክተኛ በወረርሽኝ ጥርጣሬ ቤት ተዘግቶበት ባደረ ጊዜ፣ ያች ሽማግሌው የቀነሳት አንዲት ቀን ምናልባት ነፍስ ታድን ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ አባት ግን ያፈሰሰውን መልቀም እንኳ አልቻለም።

አሁን ወደዚያ መንገድ ላይ ወዳገኘኝ ልጅ ልመለስ። ተማሪዬ በነበረበት ዓመት ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ቴያትሩን በክፍል ውስጥ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስናነብ፣ መጀመሪያ ላይ የሚጣሉትን የሁለቱን ቤቶች አሽከሮች እንዲያነቡ እርሱንና ሌላ ልጅ አስነሣሁ። ክፍሉ ሳቀ። ሁለቱ ግን አልሳቁም፤ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ፣ አቀርቅረው አንብበው ተቀመጡ። እኔ ዓይን አፋርነት መስሎኝ አለፍሁት።

በሦስተኛው ሳምንት በሰሌዳው ላይ በጻፍኋቸው ስሞች ስንከራከር ይህ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ የጠቡ ምክንያት የተጻፈው የት ገጽ ላይ ነው?» አለኝ። «በየትም ገጽ አልተጻፈም፤ ቂሙ የቆየ ነው ከማለት በቀር ደራሲው ምክንያቱን አልነገረንም» አልሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ምክንያቱን ካላወቁት ታዲያ በምን ይታረቃሉ?» አለ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ይህን ቴያትር ስንት ጊዜ አንብቤ ይህን ጥያቄ አስቤው አላውቅም። በአገራችን ሽማግሌ ሲቀመጥ አስቀድሞ በደል ይነገራል፤ በዳይና ተበዳይ ይለያል፤ ካሣው የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። በደሉ የተረሳ፣ ቂሙ ግን ያልተረሳ እንደሆነ ሽማግሌውስ ምን ይይዛል?

ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ ልጁ ቀረ። ያን ዕለት ያነበበው ሁለተኛው ልጅ የአጎቱ ልጅ መሆኑን ነገረኝ። አባቶቻቸው የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን እነርሱ ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ አይነጋገሩም። አንዱ የአጥር ወሰን ነው ይላል፤ ሌላው የገንዘብ ነገር ነው ይላል፤ ልጆቹ የሚያውቁት ሰላም አትበሉ መባላቸውን ብቻ ነው። «በአንድ ክፍል ሁለት ዓመት ስንማር አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም» አለኝ።

ምን ልመልስለት? የሰው ቤት ጠብ በአስተማሪ አይፈታም። «አባትህን በአክብሮት ጠይቃቸው፤ ምክንያቱን ማወቅ የልጅ መብት ነው» አልሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ «ጠየቅኋቸው፤ አንተ ልጅ ነህ፣ በማያገባህ አትግባ አሉኝ» አለኝ።

ይህ ቃል አዲስ አይደለም። ጠብ ሁሉ እንደ ቬሮናው ምክንያቱ የጠፋ አለመሆኑን ተማሪዎቼ እንዲያዩ፣ ከሼክስፒር ቀጥዬ የግሪኩን የሶፎክልስን አንቲጎኔን አስነብባለሁ። ይህ ቴያትር የታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ ነው። እዚያ የጠቡ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚከራከርበት ነገር አለው። ንጉሡ ክሬዎን በከተማው ላይ ጦር ያመጣ ሰው አይቀበር ብሎ ያውጃል። አንቲጎኔ ደግሞ ሟቹ ወንድሜ ነው፣ ሙታንን መቅበር ከአማልክት የመጣ ሕግ ነው ብላ ትቀብረዋለች። የንጉሡ ልጅ ሃይሞን የአንቲጎኔ እጮኛ ነው። የሚያስደንቀው ነገር፣ በቴያትሩ ውስጥ ሁለቱ እጮኛሞች አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ አንሰማም። ፍቅሩን የምናውቀው ሃይሞን ወደ አባቱ ቀርቦ ሲለምን ነው። ልመናውን የሚጀምረው በአክብሮት ነው፤ ሕዝቡ የሚለውን ይስሙ፣ ከሌላ ሰው መማር ነውር አይደለም ይላል። ክሬዎን ግን በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልማር ነወይ ብሎ ይቆጣል። በመጨረሻ ልቡ ተመልሶ ልጅቷን ሊያስፈታ ሲሄድ ጊዜው አልፏል። አንቲጎኔም፣ ልጁም፣ ሚስቱም በአንድ ቀን ሞቱበት።

ይህን ስናነብ ያ ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ምንም አልተባባልንም።

ሁለቱን ቴያትሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ገዳዩ ፍቅር አይደለም። ክሬዎን በመጨረሻ ያደረገውን በመጀመሪያ ሊያደርገው ይችል ነበር። ሽማግሌው ካፑሌትም እንደዚሁ ነው። ብዙ አንባቢ ሳያስተውል የሚያልፈው አንድ ቦታ አለ። በዚያ በእሑዱ ግብዣ ላይ ቲባልት ሮሜዎን በድምፁ ለይቶ ልግደለው ሲል፣ የሚከለክለው ራሱ ካፑሌት ነው። ተወው፣ በከተማው የተመሰገነ ጨዋ ልጅ ነው ይላል። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ እንደ እኛ ላሉ ሽማግሌዎች ሰላምን መጠበቅ አይከብድም ብሎ ተናግሯል። እንግዲህ ዕርቁ እሑድ ዕለት በአፉ ላይ ነበር። እጁን ለሞንታግ የዘረጋው ግን ሐሙስ፣ በልጁ ሬሳ አጠገብ ነው። በእነዚህ ጥቂት ቀኖች መካከል ስድስት ሰው ሞቷል፤ መርኩሽዮ፣ ቲባልት፣ ዡልየትን ሊያገባ የነበረው ፓሪስ፣ በልጇ መባረር አዝና የሞተችው የሮሜዎ እናት፣ ሮሜዎና ዡልየት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አባቶች ለልጆቹ የወርቅ ሐውልት እናቆማለን ይባባላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ተማሪዎቼ፣ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» እንዳይሉኝ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብርን አስታውሳቸዋለሁ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ልብ ወለድ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የለያያቸው የልባቸው ጉድለት ሳይሆን የዘር ኩራት ነው። ኩራቱ ልክ አለመሆኑን ደፍሮ የሚናገረውንም ሰው አገሬው ጉዱ ካሣ ይለዋል። በቬሮናም፣ በግሪክም፣ በጎጃምም እውነቱን በጊዜው የተናገረ ሰው አለ፤ የጠፋው በጊዜው የሚሰማ ጆሮ ነው።

የዚያ ዓመት ትምህርት ሲያልቅ የመጨረሻውን ትዕይንት ለማንበብ ፈቃደኛ ጠየቅሁ። ያ ዝምተኛ ልጅ የካፑሌትን ክፍል አነባለሁ አለ። የሞንታግን የሚያነብ ስጠይቅ እጁን ያወጣው ማንም ሳይነግረው የአጎቱ ልጅ ነበር። ሁለቱ አባቶች ለዕርቅ ከሚጨባበጡበት ቦታ ሲደርሱ ጥቂት ቆሙ። ከዚያም ተጨባበጡ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ባለፈው ሰሞን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ «አባትህና አጎትህስ?» አልሁት።

«ታረቁ፣ ጋሼ» አለኝ። «የታረቁት በአያቴ ቀብር ዕለት ነው። አያቴ ሁለቱን ልጆቿን በአንድ ማዕድ አይቼ ልሙት እንዳለች ሞተች። አሁን በየበዓሉ ይጠያየቃሉ፤ ግን እርስዋ አላየችውም።» ጥቂት ዝም ብሎ ደግሞ፣ «እኔና የአጎቴ ልጅ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም እንባባላለን። እርስዋም ይህንን ታውቅ ነበር» አለኝ።

እንግዲህ አስተማሪዎች፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ከእኔ ስሕተት ተማሩ። ይህን ቴያትር ስታስተምሩ ሞቱን አታስጊጡት። የሰሌዳው ጥያቄ «እንዴት ተዋደዱ?» ብቻ አይሁን፤ «የት ላይ መቆም ይቻል ነበር?» ይሁን። ቀኑን አስቆጥሩ፤ ሬሳውን አስቆጥሩ። ከተማሪዎቻችሁ አንዱ ስለ ሞት እንደ መልካም ነገር የጻፈ እንደሆነ፣ ወረቀቱን አርማችሁ ብቻ አትመልሱ፤ ልጁን ጥሩትና አነጋግሩት። ሮሜዎና ዡልየት እኮ የሚያማክሩት ትልቅ ሰው ያጡት በየቤታቸው ሰው ሞልቶ ሳለ ነው።

ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ ስለ አንድ የቆየ ኩርፊያ ምክንያት ቢጠይቃችሁ «ልጅ ነህ» ብላችሁ አትመልሱት። ምክንያቱን የምታውቁት ከሆነ ንገሩት። የማታውቁት ከሆነ ግን፣ የተረሳ በደል ያልተረሳ ቂም ሊያቆይ አይገባውምና፣ ሽማግሌ ለመላክ የለቅሶ ቀን አትጠብቁ።

እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።